አንገቷን ወደ ጎን ታጥፋለች

ሰበታ፣ መጋቢት 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ ኦቦ ቀጄላ፤

በጌታ ስም ሰላምታዬ ካሉበት ይድረስዎ። በልጅዎ በያኔት በኩል የላኩልኝ ወረቀት ቡራዩ መድኃኒት ቤቷ ድረስ ሄጄ ተቀበልሁ። «አንቺ ማነሽ? ኤሊዋንስ ከየት አመጣሻት? ለምን እኔን ፈለግሽ?» ብለው ጠይቀውኛል፤ እንደ አመጣጡ ልመልስ።

ስሜ ኤልሳቤት ነው። የሆሳዕና ልጅ ነኝ፤ እዚህ ሰበታ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ስሠራ አራት ዓመት ሆነኝ። ኤሊዋ የታናሽ ወንድሜ የዮአብ ናት። ዮአብ ግንባታ ላይ ይሠራል። በጥር ወር ከረግረጉ አጠገብ የሕንፃ መሠረት ሲቆፍሩ ዶማው ደረቅ ነገር ነካ። ድንጋይ መስሎት አንስቶ ሊወረውር ሲል ድንጋዩ እግር አወጣ። በሸሚዙ ጠቅልሎ ይዟት መጣ። የሹሮ ድስት ክዳን ታክላለች፤ ቀለሟ እንደ ደረቀ ጭቃ ነው።

ካርቶን ውስጥ ጨርቅ አንጥፌላታለሁ። ጎመን፣ ካሮት፣ ሙዝ፣ የእንጀራ ፍርፋሪ አቅርቤላታለሁ፤ ወተትም ሞክሬያለሁ። አንዱንም አልነካችም። ሁለት ወር ሊሞላት ነው፤ ትሞታለች ወይ? ግራ ሲገባኝ እሁድ ዕለት ወደ ዓሣ ኩሬዎቹ መሥሪያ ቤት ሄድሁ፤ ጥበቃው ብቻ ነበር። «ይህን የሚያውቁ ሠላሳ ዓመት እዚህ የሠሩ ሰው ነበሩ፤ አሁን ጡረታ ወጥተው ሱሉልታ ናቸው። ጆሯቸው ስለማይሰማ በስልክ አታገኚያቸውም፤ ጻፊላቸው» አለኝ። የደፈርሁዎት ለዚህ ነው።

«ያገኛት ሰው ራሱ ይጻፍልኝ» ላሉኝ፣ ወንድሜ አሁን ሥራ ላይ ስለሆነ አልተመቸውም። ይቅርታ ያድርጉልኝ።

አክባሪዎ ኤልሳቤት

ሱሉልታ፣ መጋቢት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለኤልሳቤት፤

አካም ጅርታ? ደህና ነሽ ወይ? እኔ ከጆሮዬ በቀር ደህና ነኝ። ያኔት የሚጻፍበት ስልክ ልትገዛልኝ ትጨቀጭቀኛለች። ጣቴ ትልቅ፣ ፊደሉ ትንሽ፤ ተይኝ ብያታለሁ። የሰው እጅ ጽሕፈት ካነበብሁ ዘመን ስለሆነኝ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብሁት።

«ትሞታለች ወይ?» ላልሽው እውነቱን ልንገርሽ፣ አላውቅም። ነገር ግን ከደረቅ መሬት ውስጥ ከወጣች የምድር ኤሊ መሆን አለባት። የምድር ኤሊ ሣር በል ናት። ከእጅሽ ጎመን አትጠብቅም። ግቢ ውስጥ ፀሐይ ላይ አውጪያት፣ ለምለም ሣርና እሾሁ የተነሣ የቁልቋል ቅጠል አድርጊላት። ካርቶኑ ደረቅ ይሁን። ውኃ ውስጥ እንዳታስገቢያት፣ አትዋኝም፣ ትሰምጣለች። ወተቱንም ተዪው።

ቁልፍ ስልክ እንደያዝሽ ያኔት ነግራኛለች፤ ስለዚህ ፎቶ አልጠይቅሽም። ፎቶ ቢኖርም ጀርባዋን ብቻ ነው የሚያሳየኝ። ይልቅ በዓይንሽ እይልኝ፤ እግሯ ላይ ስንት ጥፍር አላት? በጣቶቿ መካከል ቆዳ አለ ወይስ የለም? ከአገጯ ሥር ምን ይታያል? ስትነኪያት ጭንቅላቷን እንዴት ነው የምትደብቀው?

ወንድምሽም ምን ያህል ጥልቀት ላይ እንዳገኛት ይንገረኝ። ይህን ማወቅ እፈልጋለሁ።

ቀጄላ

ሰበታ፣ መጋቢት 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ ኦቦ ቀጄላ፤

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። እንዳዘዙኝ አደረግሁ፤ ግን ደስ የሚል ዜና የለኝም። ፀሐይ ላይ ሳወጣት ጥላ ፍለጋ ትሳባለች፣ ሣሩን ረግጣው ታልፋለች። ከረቡዕ ወዲህ ዓይኗን አልገለጠችም። ሳነሣት ባዶ ጣሳ ያነሣሁ ያህል ቀለለችኝ።

ጥያቄዎን ልመልስ። በእያንዳንዱ እግር አምስት አምስት ጥፍር አላት። የኋላ እግሯ ጣቶች በቆዳ ተያይዘዋል፣ እንደ ዳክዬ። ከአገጯ ሥር እንደ ሁለት የስንዴ ቅንጣት የመሰሉ ትንንሽ ነገሮች ተንጠልጥለዋል። በእርጥብ ጨርቅ ሳጸዳት ነው ያየሁት።

ጭንቅላቷን በተመለከተ እንዴት ብዬ እንደምገልጸው አላውቅም። ወደ ውስጥ አትስበውም። አንገቷን ወደ ጎን ታጥፋለች። ሰው ጉንጩን ትራስ ላይ እንደሚያስተኛ ጭንቅላቷን በትከሻዋ በኩል አዙራ ከጀርባዋ ጠርዝ ሥር ታስገባዋለች። አንድ ዓይኗ ብቻ ወደ እኔ ይቀራል። መጀመሪያ ሳየው እጄን ከላይዋ አነሣሁ። እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም።

ጥልቀቱን ዮአብን ጠይቄ እነግርዎታለሁ።

ኤልሳቤት

ሱሉልታ፣ እሁድ ከሰዓት በኋላ፣ መጋቢት 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ፤

ይቅር በይኝ። ሳላይ ፈርጄ ልገድልብሽ ነበር። ደብዳቤሽን ያኔት ምሳ ላይ ሰጠችኝ፤ «ወደ ጎን ታጥፋለች» የሚለው ጋ ስደርስ ጉርሻዬን መልሼ አስቀመጥሁ። ነገ ያኔት ሥራዋን ትታ ሰበታ ድረስ ይህን ታመጣልሻለች።

ያንቺ የምድር ኤሊ አይደለችም። የውኃ ኤሊ ናት። የምድሯ ኤሊ አንገቷን ቀጥ አድርጋ ወደ ውስጥ ትስባለች። ወደ ጎን የሚያጥፉት ሌላ ዘር ናቸው። ሁለቱ ዘሮች የተለያዩት ሰው የሚባል ፍጥረት ሳይኖር ነው፤ ተራሮቻችንም ዛሬ ባሉበት መልክ አልነበሩም። ወጣት ሳለሁ ይህን ያስተማረኝ አለቃዬ «አንገቱን ካየህ ሌላውን ተወው» ይለኝ ነበር። እኔ ደግሞ «ከደረቅ መሬት ወጣች» የሚለው ቃል አሳሳተኝ።

አሁን የምነግርሽን አድርጊ። ሰፊ ሳፋ ፈልጊ። ጀርባዋን ለጥቂት የሚሸፍን ውኃ አድርጊበት፣ አንገቷን ስትዘረጋ አፍንጫዋ ከላይ እንዲወጣ። ልትወጣበት የምትችለው ጠፍጣፋ ድንጋይ አስገቢ። ውኃው ፀሐይ የነካው ለብ ያለ ይሁን፤ ከቀዘቀዛት ብትበላም ሆዷ አይፈጭም። የሳፋውን ግማሽ በጣውላ ክደኚላት፤ መደበቂያ ትፈልጋለች።

ምግቧ ሥጋ ነው፤ የመሬት ትል፣ የዓሣ ቁራጭ፣ ጥሬ ጉበት። ውኃው ውስጥ ጣይላት እንጂ ከውጭ አትስጫት፤ ይህቺ ፍጥረት ያለ ውኃ መዋጥ አትችልም። ሁለት ወር ሙሉ ምግብ አልፈልግም ስትልሽ አልነበረም። መዋጥ ስለማትችል ነው። ከላይዋ ቆመሽ አትመልከቻት። ስትጨርሺ እጅሽን በሳሙና ታጠቢ።

ጥልቀቱን አሁን ከበፊቱ ይበልጥ ማወቅ እፈልጋለሁ። ወንድምሽን እባክሽ ጠይቂልኝ።

ቀጄላ

ሰበታ፣ መጋቢት 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአባቴ ለኦቦ ቀጄላ፤

እርስዎ ይቅርታ ሲጠይቁኝ አፈርሁ። የዋሸሁ እኔ ነኝ።

ስለ ወንድሜ ሦስት ጊዜ ጠየቁኝ። ሥራ ላይ አይደለም። ደቡብ አፍሪካ እሄዳለሁ ብሎ በየካቲት መጀመሪያ በሞያሌ በኩል ወጣ። ያኔ ኤሊዋን ካርቶን ውስጥ አድርጎ ሰጠኝና «አደራ፣ እኔ እዚያ ስደርስ በሰው ስልክ ፎቶ አንሥተሽ ትልኪልኛለሽ» አለኝ። ናይሮቢ ደርሻለሁ ብሎ አንድ ጊዜ ደወለ። ከዚያ ወዲህ ድምፁ የለም። ስልኩ ዝግ ነው። ሆሳዕና ያለችው እናታችን በየእሁዱ ስትደውል «ደህና ነው፣ ኮንክሪት እየሞሉ ስለሆነ ይደክመዋል» እላታለሁ። ስልኩን ዘግቼ አለቅሳለሁ። ለማንም አልተናገርሁም፣ በጉባኤ ለጸሎት እንኳ አላቀረብሁትም። ለእርስዎ ለምን እንደምጽፍ አላውቅም። ፊትዎን አላየሁትም፤ ለዚያ ይሆናል።

ጥልቀቱን አብረውት የሚቆፍሩትን ጠየቅሁ። አንድ ክንድ ከስንዝር ነው አሉኝ። አፈሩ ጥቁር፣ እንደ ሸክላ የጠነከረ ነበር።

ኤሊዋ ውኃ ውስጥ ከገባች ስድስት ቀኗ ነው። በጾሙ ምክንያት ሥጋ ቤቶች ስለተዘጉ ጉበት አላገኘሁም፤ ቧንቧው ሥር ቆፍሬ ትል አወጣሁላት። አልበላችም። ውኃው ሲሸት እቀይራለሁ። ግን ሁለተኛው ቀን ላይ ዓይኗን ገለጠች። ያላሰብሁት ነገር ደግሞ፣ ጀርባዋን የሸፈነው ጭቃ ሟሟ፤ ከሥሩ የወጣው ቅርፊቷ የወይራ ፍሬ ይመስላል።

ብትሞትብኝ ዮአብን ምን እለዋለሁ?

ኤልሳቤት

ሱሉልታ፣ ሚያዝያ 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፤

ስለ ወንድምሽ የጻፍሽውን አነበብሁ። ደህና ነው ልልሽ አልችልም፤ አላውቅማ። ኤሊዋ ከተረፈች እሱም ይተርፋል አልልሽም። ኤሊ ኤሊ ናት፣ ሰው ሰው ነው። ይልቅ ለማንም ያልነገርሁትን የራሴን ነገር ልንገርሽ።

በሰባ ሰባት ዓ.ም. ድርቅ ጊዜ የሃያ ስምንት ዓመት ልጅ ነበርሁ። ወደ ተጂ መንገድ ያለ አንድ ኩሬ እንድከታተል ተመደብሁ። ኩሬው ደረቀ። መሬቱ ተሰነጣጠቀ፤ እግር የሚያስገባ ስንጥቅ። ከዚያ በፊት በመረብ አርባ ያህል እንደዚች ያሉ ኤሊዎች ቆጥሬ ነበር። አንድም አላየሁም። «ሙሉ በሙሉ አልቀዋል» ብዬ ጽፌ ፈረምሁ። በአካባቢው ያሉ አንድ ሽማግሌ «አልሞቱም፤ ታች ናቸው» አሉኝ። ሳቅሁባቸው። በቀጣዩ ክረምት ዝናብ ሲመጣ ኩሬው በኤሊ ተሞላ። ከወንዝ ነው የመጡት ብዬ አሰብሁ። ወንዙ ግን የሦስት ሰዓት መንገድ ነው።

አንድ ክንድ ከስንዝር አልሽኝ። አርባ ዓመት ሙሉ ያልገባኝ በዚህ ቁጥር ገባኝ። ያን ዓመት ሙሉ በኩሬው ላይ በጫማዬ እየተመላለስሁ፣ ከእግሬ ሥር አርባ ነፍስ ዝናብ እየጠበቀ ነበር። ሳይበሉ፣ ሳይጠጡ፣ በጥቁር አፈር ተይዘው። እኔ ደግሞ ከላይ ቆሜ አልቀዋል ብዬ እጽፋለሁ። ይህን ካወቅሁ ወዲህ ግቢዬ ውስጥ ስሄድ እንኳ መሬቱን ቀስ ብዬ ነው የምረግጠው።

ስለዚህ የምመክርሽ አንድ ነገር ብቻ ነው። ያላየሽውን አትፈርሚ። ደህና ነው ብለሽም፣ የለም ብለሽም። ለእናትሽ «ሄዷል፤ የት እንዳለ አላውቅም» በያት። እውነቱ ይህ ነው። ብቻሽን አትያዢው።

ትሉን ማታ ማታ ተዪላትና ራቂ። ታገሺ።

ቀጄላ

ሰበታ፣ ሚያዝያ 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

አባቴ ኦቦ ቀጄላ፤

እንኳን አደረሰዎት። በላች።

እንዴት እንደሆነ በዝርዝር ልንገርዎ፣ ካስቀረሁ እንደሚቆጡ አውቃለሁና። የፋሲካ ማግስት ሥጋ ቤቱ ተከፍቶ ጥቂት ጉበት ገዛሁ። እንደ ጣት ጫፍ ቆርጬ ውኃው ውስጥ ጣልሁና ወደ በሩ ሄጄ ተቀመጥሁ። ጭንቅላቷ ከጣውላው ሥር ቀስ ብሎ ወጣ። ወደ ጉበቱ ቀረበች፤ ቆመች። ያን ያህል ጊዜ ስለቆመች ተስፋ ቆርጬ ልነሣ ስል አንገቷ ተወረወረ። ያ ሁሉ አንገት የት ተደብቆ እንደነበር አልገባኝም፤ የሰውነቷን ግማሽ ያህላል። አፏን ስትከፍት ውኃውም ጉበቱም አብሮ ገባ፤ ሳፋው ውስጥ ትንሽ ሽክርክሪት ተፈጠረ። በፊት እግሮቿ ጥፍር እየቀደደች አራቱንም ቁራጭ ጨረሰች። ከዚያ ወደ ላይ ወጥታ በአፍንጫዋ ተነፈሰች። እኔም እስከዚያ ትንፋሼን ይዤ ነበር።

ጎረቤቶቼ ገቡ። የምታከራየኝ ወይዘሮ መኪያ፣ ኤሊዋን አውጥተሽ ጣይ ስትለኝ የከረመችው፣ ሳፋው አጠገብ ተንበርክካ «ሱብሃነላህ» አለች። በማግስቱ ከጓዳዋ የዓሣ ቁራጭ ይዛ መጣች። ለመሆኑ ዕድሜዋ ስንት ይሆናል? ለሁልጊዜስ ላቆያት እችላለሁ?

ለእናቴም ነገርኋት። እንዳዘዙኝ፣ «ሄዷል፤ የት እንዳለ አላውቅም» አልኋት። ከዚያ ምን አለችኝ መሰለዎት? «አውቃለሁ። ሳይሄድ መርቄዋለሁ። አንቺ እንዳትጨነቂ ብዬ ነው ስትዋሺኝ ዝም የምልሽ» አለችኝ። ሁለት ወር ሙሉ በየእሁዱ እኔ እሷን፣ እሷ እኔን ስንጠብቅ ነበር። ያን ቀን መጀመሪያ አለቀስን፣ ከዚያ ሳቅን፤ ከዚያ አብረን በስልክ ጸለይን። አሁንም የት እንዳለ አናውቅም። ግን ሁለት ነን።

ኤልሳቤት

ሱሉልታ፣ ሚያዝያ 26 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ፤

ገለቶሚ፣ አመሰግንሻለሁ። ደብዳቤሽን ለያኔት ጮክ ብዬ አነበብሁላት፤ ድምፄን ስለማልሰማ ጎረቤት ሁሉ ሳይሰማ አልቀረም። ሠላሳ ዓመት በመረብ አንሥቻቸዋለሁ፣ መዝኛቸዋለሁ፣ ቁጥራቸውን ጽፌያለሁ። ስትበላ ቁጭ ብለሽ የተመለከትሽ ግን አንቺ ነሽ።

ዕድሜዋን ጠይቀሽኛል። በትክክል መናገር አይቻልም። መጠኗ ካንቺ ዕድሜ ብዙም እንደማታንስ ይነግረኛል። ሰበታ እንዲህ ሳይሞላ፣ ፋብሪካሽ ሳይኖር፣ ያን ረግረግ ታውቀዋለች ማለት ነው።

«ለሁልጊዜ ላቆያት እችላለሁ?» ላልሽው፣ ትችያለሽ፤ ግን ባታደርጊው ደስ ይለኛል። ይህቺ የሳፋ ፍጥረት አይደለችም። ክረምቱ እስኪገባ በሳምንት ሦስት ቀን መግቢያት፣ ትክበድ። ከባድ ዝናብ ሲጥል የተገኘችበት ቦታ መልሺያት። ሌላ ወንዝ አትውሰጂያት፤ የራሷን ስፍራ ነው የምታውቀው።

በየቀኑ ስለ ወንድምሽ አስባለሁ። እንደ እናንተ ጸሎት ባላውቅበትም እንደ ራሴ እለምናለሁ።

ቀጄላ

ሰበታ፣ ሰኔ 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

አባቴ ኦቦ ቀጄላ፤

ስለዘገየሁ ይቅር ይበሉኝ። በያኔት በኩል «ምን ሆናችሁ? ለምን ዝም አልሽ?» ብለው ልከውብኛል። መልሱ ብዙ ነው።

ግንቦት መጨረሻ ላይ ከማላውቀው ቁጥር ተደወለልኝ። ታንዛኒያ እስር ቤት ቆይቶ የተመለሰ የሀዲያ ልጅ ነው። «ዮአብ በሕይወት አለ፤ ስምሽንና ቁጥርሽን በቃሌ አስይዞኛል» አለኝ። ወዲያው እናቴ ጋ ደወልሁ። ሰኔ 12 ቀን ከሌሎች ጋር በአውሮፕላን መለሷቸው። ቦሌ ስቀበለው በአጠገቤ አልፎ ሄደ፣ አላወቅሁትም። ጃኬቱ ከሰው ላይ የተሰቀለ አይመስልም። ይበላል፣ ይተኛል፤ ስለ መንገዱ ግን አንድ ቃል አይናገርም። እናታችን ከሆሳዕና መጥታ ሳምንት ተቀምጣ ሄደች፤ ለእሷም አልተናገረም። ኤሊዋን ሲያይ ብቻ «ከበደች» አለ።

ባለፈው ሐሙስ ሌሊቱን ሙሉ ዘነበ። ጠዋት ዮአብ ሳፋውን ተሸክሞ እኔ ጃንጥላ ይዤ ወደ ቦታው ሄድን። ሥራው ከቆመ ወራት ሆኖታል፤ የቆፈሩት መሠረት በውኃ ሞልቷል። ዮአብ ጠርዙ ላይ አስቀመጣት። አንገቷን ዘርግታ ወደ ውኃው ተመለከተች። ከዚያ ገባች፤ ድምፅ እንኳ አላሰማችም።

ልንመለስ ስንል ዮአብ ክንዴን ያዘኝ። ከውኃው ዳር ያለው ጭቃ ተንቀሳቀሰ። እንደ ዳቦ ሊጥ ከፍ አለ፣ ተሰነጠቀ፣ ከስንጥቁ ጭንቅላት ወጣ። ዓይኑ በጭቃ እንደተሸፈነ ነበር። ወዲያ ማዶ ሌላ። ከአሸዋ ክምሩ ሥር ሌላ። እኔ አሥራ አንድ ቆጠርሁ፤ የግንባታው ጥበቃ አሥራ አራት ነው ይላል። ከፋብሪካ የሚወጡ የሌሊት ፈረቃ ሴቶች አጥሩ ጋ ቆሙ፣ ከዚያ የባጃጅ ሹፌሮች። ሃምሳ ሰው ይሆናል። ዝናቡ ብቻ ይሰማ ነበር። አንዷ ትንሽ የዮአብን ጫማ ተሻግራ ወደ ውኃው ወረደች፤ እስክታልፍ እግሩን አላነቃነቀም።

ይህን እርስዎ ሳያዩት እኔ ማየቴ አልዋጥልሽ አለኝ። እባክዎ ይምጡ። ዮአብ አየር ጤና ድረስ መጥቶ ይቀበልዎታል።

ልጅዎ ኤልሳቤት

ሱሉልታ፣ ሐምሌ 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለኤልሳቤት፤

በሰላም ገብቻለሁ። ያኔት ሦስት ታክሲ ስቀያይር በሐሳብ ተውጬ አንዴም ቀና ሳልል እንደመጣሁ ነግራሽ ይሆናል። እሁድ ፈረቃ ስለነበረብሽ ብዙ አልተጫወትንም፤ ፊትሽን ግን አየሁት፣ ይበቃኛል። «ኤሊዎቹን አዩዋቸው ወይ? እንዴት አገኟቸው?» ብለሽ ላክሽብኝ። እውነቱን ልንገርሽ፤ በደንብ አላየኋቸውም።

ከዮአብ ጋር መሠረቱ ዳር ብሎኬት ላይ ተቀመጥን። ሁለት ጭንቅላት ውኃው ላይ ታየኝ። እነሱን ላሳየው ስዞር ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። «አልሰማህም ልጄ» አልሁትና ደብተሬንና እስክሪብቶዬን ሰጠሁት። «ጥበቃው ሥራው ሲጀመር ወደ ረግረጉ ያሻግራቸዋል፤ ተነጋግረናል» ብሎ ጻፈልኝ። ደብተሩን ልቀበለው እጄን ዘረጋሁ። አልሰጠኝም። ገጹን ገለበጠና እንደገና መጻፍ ጀመረ።

አሥራ ሰባት ገጽ ጻፈ። ካፊያ ሲመጣ ኮቴን በደብተሩ ላይ ዘረጋሁለት። አንዱን ገጽ ሲጨርስ ቀና ብሎ ሳያየኝ ወደ እኔ ያዞረዋል፤ እኔ አነብባለሁ፤ በጭንቅላቴ እሺ እለዋለሁ፤ ይቀጥላል። ሰው ዝምታውን እንዲህ ሲፈታ በሕይወቴ አላየሁም።

ምን እንደጻፈልኝ አልነግርሽም። አትቀየሚኝ። ደብተሩን ለእሱ ትቼለት ነው የመጣሁት። «ለእህትህ ስጣት» አላልሁትም። እኔን ተሰናብቶ ሲመለስ ግን ከታክሲው መስኮት አየሁት፤ በሸሚዙ ውስጥ ከደረቱ ጋር ይዞት ወደ ቤትሽ መንገድ ይሄድ ነበር።

ቀጄላ